ለአምሐ ማን ያልቅስለት

«ፈረንጆቹ ‹ታለንት› የሚሉት ነገር ድሮ ክብደት ነበር፤ የብር መመዘኛ» ይል ነበር መምህር አምሐ ለእንግዳው። ከአጥራቸው ወዲህ ሣር ሳጭድ ነው የሰማሁት። ዘመን አልፎታል፤ ግማሹ ጠፍቶኛል። «ጌታው ለባሮቹ ያካፈለው መክሊት እሱ ነው። ለተሰጥኦ መጠሪያ የሆነው ከዚያ ከወንጌሉ ምሳሌ ወዲህ ነው።»

እንግዳው ሳቀ። «እናንተ ቤትስ ለማን ተሰጠ?»

«እኛ ቤት? ኧረ ለማንም።»

ታላቅ እህቱ ባንቺአየሁ ጠላ ይዛ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ያን ጊዜ በመንደራችን በዘንዘልማ ያለ እሷ ሙሾ ሬሳ አይወጣም። አምሐ ግን «ባሕር ዳር ያሉ ባልደረቦቼ ሰምተው ይስቁብኛል፤ ተይ» እያለ ይነዘንዛት ነበር። ከዚያ ቀን ወዲያ ለማንም ግጥም አላወረደችም።

ዛሬ የአምሐ አስከሬን ድንኳኑ ውስጥ ነው። ከጣና የሚመጣው ነፋስ ሸራውን ያማታዋል። ለቅሶው አልሞቀም። እኔ ከጓሮ የእድሩን አግዳሚ ወንበር ሳወጣ፣ ባንቺአየሁ ግድግዳውን ተደግፋ ተቀምጣለች። የአምሐ ሚስት ወንጌላዊት እግሯ ሥር ተንበርክካለች።

«እትዬ ባንቺ፣ በእመቤቴ! ሰዉ እኮ ስልኩን እያየ ነው። እንደ ውሻ ሊቀበር ነው። አንድ ግጥም ብቻ ይበሉለት።»

«አልቃሽ ስለ ሟቹ ትጠይቃለች፤ ደንብ ነው። ምን ብዬ ላልቅስለት? ንገሪኝ።»

«ስንቱን አስተማረ። ለሰው ደግ ነበር።»

«ለእኔስ?»

«አይጠላዎትም ነበር» ትላለች ወንጌላዊት።

«አይጠላኝም። ከሰው አልቆጠረኝም እንጂ።»

ወንበሩን እንደያዝሁ እቆማለሁ። ጌታ ሲመለስ ስለ ሙሾዋ መክሊት የሚጠይቀው ማንን ይሆን፣ የቀበረችዋን ወይስ ያስቀበራትን? እያልሁ በልቤ አማትባለሁ።

«ሣጥኑ ሊነሣ ነው!» ይላል ከድንኳኑ አንድ ድምፅ።

ባንቺአየሁ ግድግዳውን ይዛ ትነሣለች። ነጠላዋን እንደ ድሮው ወገቧ ላይ ታጠብቃለች። ወንጌላዊት ጉልበቷን ልትስም ስታጎነብስ በእጇ ትመልሳታለች።

«እሺ፣ እወጣለሁ» ትላለች። «ግጥም ግን የለም። እንደ ማንም አለቅስለታለሁ።»