ከኤምባሲ የተደወለ ስልክ

የላቦራቶሪው ስልክ ሲጠራ ትርሲት ብቻዋን ነበረች።

«ከኤምባሲ ነው። የሥልጠና ቪዛ ያመለከቱ ሰዎችን እያጣራን ነው። ምንትዋብ አየለ የምትባል ባለሙያ እናንተ ጋ ትሠራለች?»

ትርሲት ጓንቷን አወለቀች። እሷና ምንትዋብ ለዚሁ የስድስት ወር ሥልጠና አብረው ነበር ያመለከቱት፤ ከሆስፒታሉ የሚሄደው ግን አንድ ሰው ብቻ ነው። «አናውቃትም» ብትል ማን ይሰማታል? ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። በመስታወቱ ማዶ ምንትዋብ አንዲት እርጉዝ እያሳሳቀች ደም ትቀዳለች።

«አዎ፣ ትሠራለች» አለች ትርሲት። «ሰባት ዓመት ሆናት። ጎበዝ ናት፤ የማንም ደም ሥር አይጠፋባትም።»

«እናመሰግናለን። የእርስዎን ስም ልመዝግብ?»

«ትርሲት ወልደሰንበት።»

ደዋዩ ወረቀት ሲያገላብጥ ተሰማት።

«ይቅርታ፣ ዛሬ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ስለ እርስዎም ደውለን ነበር። በዚህ ስም የሚጠራ ሠራተኛ የለንም ስለተባልን ማመልከቻዎን ሰርዘነዋል።»

«ማ... ማን ነው እንደዚያ ያላችሁ?»

«አንዲት ሴት ናት። ስሟን ስንጠይቃት ስልኩን ዘጋችው። ግድ የለም፣ ማመልከቻዎን እንደገና እናየዋለን።»

ትርሲት ስልኩን ሳትዘጋ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን የተረኞች ዝርዝር አየች። በሁለት ሰዓት ተኩል ላቦራቶሪው ውስጥ የነበረችው ምንትዋብ ብቻ ነበረች።