ከቀፎው ሥር የወደቁት

ደምለው ሁለተኛውን እንስራ ሲደፋ ሚስቱ አሰበች ከማሳ ገባች። መቆፈሪያዋን ጥላ ሮጠችና የእንስራውን አንገት ይዛ አቃናችው። ከእንስራው ሥር ጥቂት ውሃ ቀርቶ ነበር፤ ሌላውን በቁርቁራው ዛፍ ሥር ያለው አሸዋ ጠጥቶታል።

"ምን ነካህ? ከጓንግ ወንዝ ድረስ በጀርባዬ ያመጣሁትን!"

"ንቦቹ ሞተዋል" አለ። "ልጁን አንሺ፤ ዛሬውኑ ድንበሩን አልፈን ወደ ገላባት እንሻገራለን።"

አህያዋ ተጭናለች። አሰበች ጭነቱን አየች፤ ከዚያም ትናንት ዘርታ ያልጨረሰችውን ማሳ ዞራ አየች።

"ዝናቡ ገና መጣሉ ነው። አሁን ትተነው ከሄድን ከርሞ ምን ልንበላ ነው?"

"ትናንት አውሮፕላን አለፈ አላልሽኝም?"

"አለፈ። አለፈ እንጂ ምን አደረገ?"

"ልጁ ከዚህ ውሃ ጠጥቷል?"

"ጠዋት ጠጥቷል። ምነው?"

ደምለው ወደ ጎጆው ዞር አለ። ያን ጊዜ በጦርነቱ፣ ተከዜ ላይ፣ ከሁሉ በፊት የረገፉት ንቦች ነበሩ። ከጣሊያን አውሮፕላን የወረደውን ካፊያ ማንም ከቁም ነገር አልጣፈውም። ታናሽ ወንድሙ ሸጋው የወደቁትን ንቦች በእግሩ ገፋ አድርጎ እየሳቀ ጎንበስ አለና ከኩሬው ጠጣ። ደምለው ከኋላው ቆሞ ተራውን ይጠብቅ ነበር፤ ሸጋው ከኩሬው ዳር አልተነሣም።

"እስቲ ከሞቱት አምጣልኝ" አሉ ከዛፉ ጥላ፣ ከቀፎዎቹ አጠገብ የተቀመጡት የአሰበች አባት፣ አባ እንግዳው። ቀፎዎቹ የእሳቸው ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል።

"አባ፣ አይንኩት!"

ሽማግሌው ግን ጎንበስ ብለው ከቀፎው ሥር በእጃቸው ዳበሱ። አንዱን በሁለት ጣታቸው መካከል አንከባለሉት። ጣሉትና ሌላ አነሡ። ሦስተኛም አነሡ።

"ይሄ ድንጉላ ነው፤ ወንዱ ንብ። ይሄም ድንጉላ። አየህ፣ ወፍራም ነው፤ ዓይኑ ጭንቅላቱን ሞልቶታል፤ መንደፊያም የለው። አበባው ሲያልቅና ዝናብ ሲገባ ሴቶቹ ወንዶቹን እየጎተቱ ያስወጧቸዋል። ማር እየበሉ አይሠሩማ! በየዓመቱ ሰኔ ሲገባ እንዲህ ነው። አንተ ከጠመንጃ በቀር ምን ታውቃለህ?"

"እኔም የቤቴን ድንጉላ ጎትቼ ባስወጣው ደግ ነበር" አለች አሰበች።

ደምለው አልሳቀም። "ምናልባት እኮ አባ፣ መርዝ..."

"ድንጉላውን እየመረጠ የሚገድል መርዝ አይተሃል?"

አላየም። ተከዜ ላይ ንቡም፣ በቅሎውም፣ ሰውም ሳይለይ ነበር የወደቀው። እጁ ግን የአህያዋን ገመድ አልለቀቀም።

አንዲት ንብ ውሃው ወደ ፈሰሰበት አሸዋ ወረደች። ደምለው እፍ ብሎ ሊያስነሣት ጎንበስ አለ።

"ተዋት" አሉ አባ እንግዳው ድምፅዋን ሰምተው። "ጠምቷት ነው።"

ንቢቱ ሆዷ ከፍ ዝቅ እያለ ጠጣች። የፊት እግሮቿን አሻሸች። ተነሥታ ወደ ቀፎው በረረችና ገባች። ደምለው ዓይኑን ከቀፎው በር ሳይነቅል ቆየ። አንዲት ንብ ወጣች። ያቺው ትሁን ሌላ አልለየም። እሷም መጥታ እርጥቡ አሸዋ ላይ አረፈች፤ ሌሎችም ተከተሏት።

ልጁ ከጎጆው ዓይኑን እያሸ ብቅ አለ።

"ውሃ" አለ።

አሰበች ልትነሣ ስትል ደምለው ገመዱን ለቀቀ። እንስራውን አዘንብሎ የቀረችውን ወደ ቅሉ ገለበጣት። ቅሉን ወደ ልጁ ዘረጋና መልሶ ወደ ራሱ ሳበው። መጀመሪያ እሱ ጠጣ። ዓይኑን ጨፍኖ ጥቂት ቆየ። አህያዋ ጆሮዋን ታራግባለች።

ከዚያ ቅሉን ለልጁ ሰጠው። ልጁ በሁለት እጁ ይዞ ሲጎነጭ ደምለው ትንሿን ጉሮሮውን ይመለከት ነበር። አሰበች የዘሩን ከረጢት ከአህያዋ ላይ ትፈታለች። ከእግራቸው ሥር፣ ውሃው በፈሰሰበት፣ አሸዋው በሚጠጡ ንቦች ጠቁሯል።