ከግድቡ የወጣ ጉንጉን

አሮጊት ስትናገር ማን ይሰማል! እመት ረቢአ «በመቃብር አፈር ውሃ አይገደብም» ብትል፣ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ጀይሉ «ፊደል ያልቆጠረች ስለ ግድብ አታስተምረንም» ብሎ በሰው ፊት አሳቀባት። አፈሩን ከመቃብሩ ጥግ አስዝቆ ግድቡን አስከመረ። ሴቶቹ ውሃ የሚቀዱበት ምንጭ ግድቡ ባቆረው ኩሬ ተዋጠ፤ ከነገ ጀምሮ መንደሩ የሚጠጣው የኩሬውን ውሃ ነው ተባለ።

ውሃው የከረመ የራስ ቅቤ ይሸታል። ረቢአ አንዴ ጎንጨት ብላ ተፋችው፤ ምላሷ ላይ ፀጉር ቀረ። አኡዙቢላህ! ጀይሉን እጁን ጎትታ ከግድቡ ግርጌ፣ አፈሩ እንደ ቁስል ከሚያዥበት ቦታ አቆመችው። ከጭቃው ውስጥ ሦስት ጉንጉን ተንጠልጥሏል።

«የሣር ሥር እኮ ነው፣ እማማ!» ብሎ ሳቀ።

«አፈር ብላ! የዚህን አገር ሴት ሬሳ የማጥበው እኔ። በሰባ ሰባቱ ረሃብ የሞተችውን እህቴን መድናን አጥቤ፣ በሒና የቀላ ፀጉሯን ሦስት ጉንጉን አድርጌ የሸኘኋት እኔ። ሒናዋን አጣዋለሁ?»

ጎንበስ ብላ ጭቃውን ጠረገችው። ጫፉ በሒና ቀልቷል። ከዚያ በላይ ወደ ግድቡ የሚገባው ክንድ የሚያህል ፀጉር ግን ነጭ ነው፤ ከተቀበረች በኋላ የበቀለ። እሱም እስከ ውስጥ ድረስ ተጎንጉኗል፤ የተቀባው ቅቤ ገና አልደረቀም።

ጀይሉ አፉን በመዳፉ ይዞ ወደ ኋላ ሸሸ። ረቢአ ክንዱን ጨመደደችው።

«ወዴት? ሥር ነው አላልክም? መንደሩ ከመጠጣቱ በፊት፣ በል ሳበው!»