ክንፉ ያልተለጠፈው ቢራቢሮ

ወረቀት በአበባና በቢራቢሮ ቅርጽ የሚቆርጥ ትንሽ መሣሪያ ከገዛች ወዲህ እጇ አላርፍ ብሏል። ጎረቤት ወለደች፣ ካርድ፤ የጎረቤት ልጅ ተመረቀ፣ ካርድ! ባሏማ «አጠገብሽ ወረቀት ማስቀመጥ ፈራሁ» እያለ ይቀልድባታል።

የዘንድሮው የእንቁጣጣሽ ካርድ ግን ቀልድ አልነበረም፤ ለባሏ እናት ለወይዘሮ የሻረግ ነው። እሳቸው ደግሞ በሰው እጅ ሥራ ላይ እንከን ካላገኙ እንቅልፍ የማይወስዳቸው ሴት ናቸው። ስለዚህ ከሠርጓ ጀምሮ መሳቢያ ውስጥ ተኝቶ የነበረ ወፍራም ወርቃማ ወረቀት አወጣችና ጀርባውን ልብ ሳትል መዳፍ የሚያክል ቢራቢሮ ቆረጠች። ሙጫ የቀባችው ሆዱን ብቻ ነው። ክንፉ ከተለጠፈ ቢራቢሮው ይሞታል፤ ከተለቀቀ ግን አሁን ተነሥቶ የሚበር ይመስላል።

በበዓሉ ዕለት አማቷ መነጽራቸውን አድርገው ካርዱን አገላብጠው አዩት።

«ከሱቅ ነው?»

«ኧረ እማዬ! ሁሉንም በገዛ እጄ ነው የሠራሁት» አለች ደረቷን ነፍታ።

«እጅሽ ይባረክ! ወረቀቱስ እንዴት ያምራል! የት ነበር ያየሁት?»

የቢራቢሮውን አንድ ክንፍ በጣታቸው ቀስ አድርገው ቀና አደረጉት። ከክንፉ ጀርባ በሰማያዊ እስክሪብቶ የተጻፈውን ጮክ ብለው አነበቡ፦

«አደራ ልጄ፣ በክብር አስቀምጪው።»

ምራታቸው ካርዱን ለመውሰድ እጇን ዘረጋች። ወይዘሮ የሻረግ ሌላኛውን ክንፍ ቀና አደረጉ።

«ይኸው፣ ፊርማዬ ደግሞ እዚህ ጋ ነው።»