የፕሩደንስ እውነተኛ ታሪክ

ጃቤዝ ሆልሮይድ የሰው ሬሳ ሳይቀበር ታሪኩን አትሞ የሚሸጥ መጽሐፍ ነጋዴ ነበር። ፍሊት ጎዳና ላይ ባለው ሱቁ መስኮት የተሰቀሉ ሌቦች ኑዛዜ፣ የባልና ሚስት ሙግት፣ የጳጳስ ስብከትና የመኳንንት ገመና ጎን ለጎን ተደርድሯል። ለንደን ትሰድበዋለች፤ ደግሞም ትገዛዋለች።

ሄስተር ግን ሰውየውን የምትጠላው በአንዲት ቀጭን መጽሐፍ የተነሳ ነው። «የጓንት ሰፊዋ የፕሩደንስ እውነተኛ ታሪክ» ትላለች መጽሐፏ። ፕሩደንስ ታላቅ እህቷ ናት፤ እናትና አባታቸው ካለፉ ወዲህ ያሳደገቻትም እሷው ነች። በወጣትነቷ ከአንድ ባላባት ቤት ተቀጥራ ሳለች ጌታዋ ደፈራት። የወለደችው ሕፃንም አልቆየም። ይህን የሚያውቁት ፕሩደንስ፣ ሄስተርና የሄስተር እጮኛ ጊልበርት ብቻ ነበሩ።

ጊልበርት ደግሞ በሆልሮይድ ማተሚያ ቤት ለኅትመት የብረት ፊደል የሚደረድር ፊደል ለቃሚ ነው።

መጽሐፏ የወጣችው በዚያ ክፉ ክረምት፣ ሄስተር ንዳድ ጥሏት ከሞት አፋፍ በተመለሰች ሰሞን ነው። ዓይኗን ገልጣ መጀመሪያ የሰማችው የአዟሪ ጩኸት ነበር።

«የፕሩደንስን ጉድ ያልሰማ ይስማ!»

ግድግዳ ተደግፋ ወረደችና አንዱን ቅጂ ከአዟሪው እጅ ነጥቃ አነበበች። አንድም የቀረ የለም፤ የሕፃኑ ስም እንኳ አለ። የተሳሳተው አንድ ነገር ብቻ ነው። ፕሩደንስ እህት ወንድም የሌላት ብቸኛ ሴት ናት ይላል።

«እኔንም በቁሜ ቀበረኝ!» አለች ሄስተር።

ጊልበርት በዚያው ቀን ሊጠይቃት ሲመጣ ደጃፉ ላይ ጠበቀችው።

«አንተ ነህ አይደል?»

ጊልበርት በትከሻዋ ላይ አሻግሮ ፕሩደንስን ተመለከተ። ፕሩደንስ አቀርቅራ ትሰፋለች።

«ፊደሉን የለቀምኩት እኔ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «ሌላ የምልሽ የለኝም።»

«ይሁዳ! ሁለተኛ ዓይንህን እንዳላይ!»

ቀለበቱን ጭቃው ላይ ወረወረችለት። ጎንበስ ብሎ አነሳው፤ በልብሱ ጠረገውና ሄደ።

«ተይ ሄስተር፣ እሱ አይደለም» አለች ፕሩደንስ።

«ታዲያ ማን ነው?»

ፕሩደንስ መርፌዋን መልሳ አነሳች።

«አየሽ እታለም! አንቺ የገደለሽንም ትሸፍኛለሽ።»

ጊልበርት በፀደይ ወደ ጃማይካ በሚሄድ መርከብ ተሳፈረ። በዓመቱ እዚያው በወባ መሞቱ ተሰማ። ሄስተር አላለቀሰችም፤ ለሌላም ሰው እሺ አላለችም።

ፕሩደንስ ግን ስሟ ከለንደን አፍ አልወጣም። ወይዛዝርት ጓንት እንገዛለን ብለው ይመጡና ፊቷን አይተው እየተሳሳቁ ይመለሳሉ። «ጓንቷስ ያምራል፤ ማን ደፍሮ ያጠልቀዋል?» ይላሉ፣ እየሰማች። አንድም ቀን አልመለሰችላቸውም። ሄስተር ሆልሮይድን ስትራገም እንኳ «ነጋዴ ነው፣ ምን ይሁን ብለሽ ነው» ትላለች።

እንዲህ ሆና አረጀች፤ እንዲህም ሆና ሞተች።

በተቀበረች ማግስት ሆልሮይድ መስኮቱ ላይ ማስታወቂያ ለጠፈ። የፕሩደንስ ታሪክ፣ የመጨረሻ ሰዓቷ ተጨምሮበት፣ በቅርብ ቀን ይወጣል። ሄስተር የሐዘን ልብሷን እንደለበሰች ሱቁን በርግዳ ገባች።

«ይህን ካተምህ እዚሁ ደጅህ ላይ ወድቄ እሞታለሁ!»

ሆልሮይድ አርጅቷል። መነጽሩን ወደ ላይ ገፍቶ አያት።

«ማን ነሽ አንቺ?»

«እህቷ ነኛ!»

«እህት አልነበራትም።»

«እሱንም የዋሸህ ያ ጊልበርት ነው! ምስጢሯን የሸጠልህ ከሃዲ!»

«ጊልበርት?» ሽማግሌው ግራ ተጋባ። «የኔ እህት፣ እሱማ ይህን አልለቅምም ብሎ አሻፈረኝ ብሎኝ ነበር፤ እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጣ ‹ስለ እግዚአብሔር ልቀመው፣ ታሪኬን የሸጥኩት ሐኪሙ ካልተከፈለኝ አልመጣም ስላለ ነው› ብላ እጁን ይዛ የለመነችው ራሷ ፕሩደንስ ናት።»