የመስከረሙ ቅጂ

የሠራተኛ ትውስታ በድርጅቱ ኮምፒውተር ላይ መቀመጥ ከጀመረ ወዲህ፣ ባክአፕ፣ ማለትም የመጠባበቂያ ቅጂ፣ መምረጥ የባለቤቱ ጣጣ ሆኗል። ወይንሸት ለልብስ ስፌት ቤቷ በየመስከረሙ ብቻ የሚቀዳውን ርካሹን ሶፍትዌር መረጠች። ሻጩ «በየቀኑ የሚቀዳው ይሻልዎታል» ቢላት፣ «እኛ ቤት ደግሞ ምን የሚለወጥ ነገር አለ?» ብላ ሳቀችበት።

በጥር ዋና ልብስ ሰፊዋን አበጋዝን አገባች። በሰኔ ኮምፒውተሩ ተቃጠለ፤ የአበጋዝም ትውስታ ወደ መስከረሙ ቅጂ ተመለሰ። ሙያው አልጎደለም። የጎደለው ሰርጉ ነው።

ማታ «አለቃዬ ቤት ምን እሠራለሁ?» እያለ ሶፋው ላይ ከነጫማው ተኛ። ጠዋት ቁርስ ይዛ ስትገባ ብድግ አለ። ስታጎርሰው ደግሞ ጉርሻውን በመዳፉ ተቀብሎ፣ «እርስዎ ለምን ይቸገራሉ?» አላት። ወይንሸት ሳቋ መጣ፤ እንባዋም አብሮ መጣ።

ሻጩ ደወለ። «አሁንስ በየቀኑ የሚቀዳውን ልጫንልዎት?»

አበጋዝ በመስኮቱ መስታወት ፀጉሩን እያስተካከለ በጎን ሰረቅ አድርጎ ያያታል።

«ቆይ፣ አትቸኩል» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «በጥር አግባኝ ያልኩት እኔ ነበርኩ። አሁን እሱ ይጠይቀኝ። የጠየቀኝ ዕለት እደውልልሃለሁ፤ ያቺን ቀን ቅዳልኝ።»