ኢምፔሪያሊዝምን የሚውጠው ጉማሬ

ይህ ታሪክ ጤፍ የምታህል ውሸት ካለበት የአዋሳ ሐይቅ ይድረቅ! የትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ኃላፊ ጋሼ ገብረጻድቅ በአብዮት በዓሉ ኮሚቴ ፊት ቆመው የተማሪዎቹን ዕቅድ ሲያስረዱ፣ እንኳን ሰው የአዳራሹ ጣሪያ ሳይቀር አፉን ከፍቶ ያዳምጥ ነበር። ተማሪዎቹ ከሽቦና ከካርቶን ጉማሬ ሊሠሩ ነው። "ጥናቱ ተጠናቋል፣ ጓዶች! ልጆቼ ሐይቁ ዳር ነው የከረሙት። አንደኛውማ ጉማሬው ሲያዛጋ ጠብቆ ጥርሱን በክንዱ ለክቶ መጥቷል!"

ከጎናቸው ተማሪዋ ሙሉጌጥ ቆማለች። ጉማሬውን ያሰበችው እሷ ነበረች፤ ከዚያ ወዲህ ግን ከስብሰባ ስብሰባ ይዛው የምትዞረው የሽቦ ጥቅል ከሱቅ የታሰረበት ሲባጎ እንኳ አልተፈታም። ሲባጎውን በጥፍሯ ቧጨረችው።

"የመጨረሻ ግቡስ?" አሉ ሊቀመንበሩ።

"ኢምፔሪያሊዝምን ከነባርኔጣው መዋጥ ነዋ!"

ጭብጨባው አዳራሹን ሊያፈርሰው ደረሰ። ሊቀመንበሩም ወደ ሙሉጌጥ ዞረው፣ "እንግዲያው ጉማሬው እሑድ ከሰልፉ ፊት ይውጣልን። ባይደርስ ተጠያቂዋ አንቺ ነሽ" አሏት።

"አይዞሽ፣ ዋናው ጥናቱ ነው፤ እሱ እንደሆነ አልቋል" አሉ ጋሼ ገብረጻድቅ ትከሻዋን መታ መታ እያደረጉ።

ሙሉጌጥ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። "ጋሼ፣ እኛ እኮ ለጥናቱ አንድ ቀንም ሐይቁ ዳር አልወረድንም። ልንወርድ በተነሣን ቁጥር ስለ ጥናቱ ስብሰባ ይጠሩን ነበር።"